መካከለኛ የኩላሊት ድካም በጤና ጣቢያ፤ በ2024ቱ ዓለም አቀፍ መመሪያ ላይ የቀረበ ሒስ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአበው አነጋገር የተነገረው ሕመሙን እያወቀ ስለሚሸሽግ ሰው ነው። ሥር የሰደደ የኩላሊት ድካም ግን በመካከለኛው ደረጃ ላይ ሳለ ራሱን ከባለቤቱ የሚደብቅ በሽታ ነው። ኩላሊቱ ከጤናማው ሥራ ግማሹን ብቻ የሚሠራ ሰው ያርሳል፥ ይነግዳል፥ ያስተምራል፤ ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣም የሚመጣው ለደም ግፊቱ፥ ለስኳሩ ወይም ለጉልበቱ ቁርጥማት እንጂ ለኩላሊቱ አይደለም። እንግዲህ በሽታውን ፈልጎ የማግኘትና የመያዝ ኀላፊነት የሚወድቀው በመጀመሪያው የሕክምና በር ላይ በሚገኙት በነርሱ፥ በጤና መኮንኑና በጠቅላላ ሐኪሙ ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፥ ኬዲጎ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና ድርጅት በ2024 ያወጣው ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ መመሪያ ለእነዚህ ሠራተኞች ምን ያህል እንደሚጠቅማቸው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መመሪያው በብዙ ድካምና በሰፊ ማስረጃ የተዘጋጀ ስለ ሆነ፥ ልናቃልለው አንሻም። የምናቀርበው ነቀፌታ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም መጽሐፉ የደምና የሽንት ምርመራን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁለቱንም በአንድነት ያዝዛል፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ለማድረግ ለማይችል ሰው የቱ እንደሚቀድም ግን አጉልቶ አያሳይም። እኛ መመሪያውን በራሱ ማስረጃ መዝነን፥ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሽንት ምርመራ መቅደም ይገባዋል እንላለን።

ሀ. «መካከለኛ» የሚለው ስም ከወዴት መጣ?

የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን በ2002 በሽታውን በአምስት ደረጃ እስኪከፍለው ድረስ፥ ሐኪሞች ስለ ኩላሊት ድካም ሲነጋገሩ እያንዳንዱ በራሱ ቃል ይናገር ነበር። አከፋፈሉም ኩላሊት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ሚሊሊትር ደም ያጣራል በሚለው ግምት ላይ የቆመ ነው። ከ30 እስከ 59 ሚሊሊትር የሚያጣራው ሦስተኛው ደረጃ «መካከለኛ» ተባለ። በ2008 የእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ይህን ሰፊ ደረጃ 45 ላይ ለሁለት ከፈለው፤ ኬዲጎም በ2012 መመሪያው ይኸንኑ ክፍፍል ተቀብሎ፥ በላዩ ላይ ሁለተኛ መለኪያ ጨመረበት። ሁለተኛው መለኪያ በሽንት ውስጥ የሚወጣው አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን መጠን ነው። በአንድ ግራም ክሬያቲኒን ከ30 ሚሊግራም በታች አልቡሚን የሚገኝበት ሽንት በመጀመሪያው ረድፍ፥ ከ30 እስከ 300 የሆነው በሁለተኛው፥ ከ300 በላይ የሆነው በሦስተኛው ረድፍ ይቀመጣል። የ2024ቱ መመሪያም ይህን ሠንጠረዥ አጽንቶታል።

ከሠንጠረዡ ምን እንደምንማር በምሳሌ ብናሳይ ይሻላል። የሁለት ሰዎች ኩላሊት በደቂቃ 50 ሚሊሊትር ያጣራል እንበል። በመጀመሪያው ሰው ሽንት ውስጥ አልቡሚን የለም፤ በሁለተኛው ሽንት ውስጥ 400 ሚሊግራም አለ። የደሙ ቁጥር አንድ ስለ ሆነ ሁለቱም «መካከለኛ» ይባላሉ። በሠንጠረዡ ላይ ግን የመጀመሪያው በቢጫ፥ ሁለተኛው በቀይ ቀለም ላይ ያርፋሉ። የመጀመሪያው በዓመት አንድ ጊዜ ቢታይ ይበቃዋል፤ ሁለተኛው በዓመት ሦስት ጊዜ እንዲታይና ወደ ስፔሻሊስት እንዲላክ ታዝዟል። ሁለቱን የለያቸው ሽንቱ ነው። «መካከለኛ» የሚለው ስም ብቻውን በካርዳቸው ላይ ቢጻፍ ኖሮ፥ የመጀመሪያው ያለ ምክንያት በፈራ፥ ሁለተኛውም ያለ ምክንያት በተዝናና ነበር።

ይህ የመመሪያ አዘጋጆች የፈጠሩት ነገር አይደለም። በ2010 የብዙ አገሮች ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፥ የማጣራት መጠን መቀነስና የአልቡሚን መብዛት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሞትን እንደሚያፋጥኑ ታይቷል። በዚያ ምርመራ ውስጥ አልቡሚናቸው በላቦራቶሪ የተለካ 105,872 ሰዎች ሲገኙ፥ ዲፕስቲክ በሚባለው በሽንት ውስጥ በሚነከረው የመመርመሪያ ወረቀት ብቻ የተመረመሩት ደግሞ 1,128,310 ነበሩ። የሁለቱም ወገን ውጤት ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲለው እንሻለን፤ ርካሹ ወረቀትም ቢሆን አደጋውን ከሩቅ ማየት ይችላልና።

ለ. ቁጥሩ ሲነግሥ፤ የእንግሊዝ አገር ትምህርት

መሣሪያ ስለሌለን ነው እንጂ መሣሪያ ያለው አገርማ ሁለቱንም ይመረምራል የሚል አሳብ ሊነሣ ይችላል። የእንግሊዝ አገር ልምድ ግን ይህን አያረጋግጥም። በዚያ አገር ከ2006 ጀምሮ ጠቅላላ ሐኪሞች የማጣራት መጠናቸው ከ60 በታች የሆኑትን በሽተኞች በመዝገብ እንዲይዙ፥ ለሥራቸውም ተጨማሪ ክፍያ እንዲያገኙ ተደረገ። መዝገቡ በመዘጋጀቱ ብዙ የተደበቀ በሽታ ታወቀ፤ ይህ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ዳሩ ግን በ2017 በእንግሊዝና በዌልስ የወጣው ብሔራዊ የኩላሊት በሽታ ቁጥጥር ሪፖርት እንዳሳየው፥ ከስኳር በሽተኞች መካከል 86 በመቶ የሚሆኑት በየዓመቱ የደም ምርመራ ሲያደርጉ፥ የሽንት አልቡሚን ምርመራ ያደረጉት 54 በመቶ ብቻ ነበሩ። የደም ግፊት ባላቸው ሰዎች ዘንድ ደግሞ የሽንቱ ምርመራ ከ30 በመቶ በታች ወረደ።

የዚህ ምክንያት የገንዘብ እጦት ነው ለማለት አይቻልም። ደም ሲቀዳ ክሬያቲኒን ከሌሎች ምርመራዎች ጋር አብሮ ይለካል፤ የማጣራቱንም መጠን የላቦራቶሪው ማሽን ራሱ አስልቶ ያወጣዋል። ሽንት ግን በሽተኛው ይዞ እንዲመጣ መንገርን፥ ዕቃ መስጠትን፥ ማስታወስን ይጠይቃል። በራሱ የሚመጣው ቁጥር ተጠይቆ የሚገኘውን ምርመራ አስረሳው። ስሙን የሚሰጠውም፥ መዝገቡን የሚከፍተውም የደሙ ቁጥር በመሆኑ፥ ሽንቱ እንደ ትርፍ ነገር ተቆጠረ። እንግዲህ ሁለት ምርመራዎች በወረቀት ላይ እኩል ሆነው ቢታዘዙ፥ በሥራ ላይ እኩል ሆነው እንደማይኖሩ ከዚህ መረዳት ይቻላል። መመሪያ የሚጽፍ ሰው ለሚዘነጋው ምርመራ ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበረበት።

ሐ. ቁጥሩ ራሱ ምን ያህል ይታመናል?

የማጣራት መጠን የምንለው ነገር በቀጥታ የተለካ አይደለም፤ ከክሬያቲኒን፥ ከዕድሜና ከጾታ የተሰላ ግምት ነው። ክሬያቲኒን ደግሞ የጡንቻ ውጤት ስለ ሆነ፥ ጡንቻው የሟሸሸ ሰው ኩላሊቱ ደክሞ ሳለ ቁጥሩ መልካም ሊመስል ይችላል። በተቃራኒው ከምርመራ በፊት በደንብ የበሰለ ሥጋ የበላ ሰው፥ ኩላሊቱ ደኅና ሳለ ቁጥሩ ሊበላሽበት ይችላል። መመሪያው በሽታው ሥር የሰደደ ነው ለማለት ቢያንስ ሦስት ወር የቆየ መሆኑ ይረጋገጥ የሚለው አንድም ስለዚህ ነው።

የቀመሩም ታሪክ ጥንቃቄን ያስተምራል። በ1999 በአሜሪካ የወጣው ቀመር የጥቁር አሜሪካውያንን ውጤት እያባዛ ከፍ ያደርገው ነበር። በ2009 የወጣው ቀመርም ብዜቱን ወደ 1.16 ያህል ዝቅ አድርጎ ያንኑ ልማድ ቀጠለ። ይህ ማለት ሁለት ሰዎች በደማቸው ውስጥ አንድ ዓይነት ክሬያቲኒን እያላቸው፥ ጥቁሩ ሰው ጤናማ ተብሎ ሊመለስ፥ ነጩ ግን ታማሚ ተብሎ ሊታከም ይችል ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2021 ዘርን የማይጠይቅ ቀመር ወጥቶ የቀድሞው እንዲቀር ተደረገ። በ2022 የወጣ ጥናት ደግሞ በማላዊ፥ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ የኩላሊትን ማጣራት በቀጥታ ለክቶ ከግምቱ ጋር ሲያስተያየው፥ በክሬያቲኒን የሚሠሩት ቀመሮች ኩላሊቱ ከሚሠራው በላይ እንደሚሠራ አድርገው እንደሚገምቱ አረጋገጠ። በአሜሪካ ሰውነት ላይ የተሰፋ ቀመር በአፍሪካ ሰውነት ላይ ልክ አልመጣም ማለት ነው።

የ2024ቱ መመሪያ ይህን ችግር አይሸሽግም፤ መፍትሔ አድርጎ የሚያቀርበው ግን ሲስታቲን የተባለውን ሌላ የደም ፕሮቲን መለካትን ነው። ምክሩ በሳይንስ በኩል ትክክል ነው። ሆኖም ክሬያቲኒን እንኳ በየጊዜው በማይገኝበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ሲስታቲን ለኩ ማለት፥ ውሃ ለጠማው ሰው የወይን ጠጅ ዓይነቶችን እንደ መዘርዘር ይሆናል።

ስለ ዕድሜም አንድ ቃል እንጨምር። ሰው ከጎልማሳነት በኋላ በየዓመቱ በግምት አንድ ሚሊሊትር ያህል የማጣራት ኀይል ይቀንሳል። ስለዚህ በሰማንያ ዓመታቸው 55 የተገኘባቸው ባልቴት፥ ሽንታቸው ንጹሕ ከሆነ፥ ኩላሊታቸው ከዕድሜያቸው ጋር አረጀ እንጂ ታመመ ለማለት ያስቸግራል። አንዳንድ የኩላሊት ሊቃውንት ወሰኑ በዕድሜ ይለያይ ብለው ሲከራከሩ፥ ኬዲጎ ግን 60ን ለሁሉም ዕድሜ አጽንቶ ይዞታል። እኛ የክርክሩን ፍጻሜ ለሊቃውንቱ ትተን፥ በጤና ጣቢያ የሚያስፈልገውን ብቻ እንላለን፤ «ኩላሊትዎ ታሟል» የሚል ቃል ለእኒያ ባልቴት ከመነገሩ በፊት ሽንታቸው ይታይ።

መ. ሞት የሚመጣው ከወዴት ነው?

በመካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ በሽተኛ፥ ዘመዶቹም ጭምር፥ የሚፈሩት የኩላሊት እጥበትን ነው። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እጥበት በአብዛኛው በሳምንት ሦስት ጊዜ፥ እስከ ዕድሜ ልክ የሚደረግ፥ የቤተሰብን ጥሪት የሚያሟጥጥ ሕክምና ነው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፥ ንቅለ ተከላ ለጥቂቶች የሚደርስ ተስፋ ነው።

ነገር ግን በ2004 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት 27,998 በሽተኞችን ለአምስት ዓመት ተከታትሎ ያገኘው ውጤት ሊታሰብበት ይገባል። ከሦስተኛው ደረጃ በሽተኞች መካከል እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ያስፈለጋቸው 1.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፥ ከዚያ አስቀድመው የሞቱት 24.3 በመቶ ነበሩ። የኩላሊት ድካም ከልብና ከደም ሥር በሽታ ጋር ተቆራኝቶ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ መካከለኛውን ደረጃ ማከም ማለት በአመዛኙ ልብንና የደም ሥርን መጠበቅ ማለት ነው። ይህ ደግሞ የጤና ጣቢያ ሥራ ነው። የጤና ጣቢያ ሠራተኛ የኩላሊት በሽታ ከዐቅሜ በላይ ነው ብሎ እጁን መሰብሰብ እንደማይገባው የሚያስተምር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ከዚህ ላይ መመሪያው የሚያዝዛቸውን መድኃኒቶች ብንመለከት ሐሳባችን ይበልጥ ይጠነክራል። እነ ኢናላፕሪል ያሉበት የመድኃኒት ወገን፥ ስኳር በሌለበት በሽተኛ ዘንድ በጠንካራ ቃል የሚታዘዘው በሽንቱ ውስጥ ከ300 ሚሊግራም በላይ አልቡሚን ሲኖር ነው፤ ስኳር ላለበት ግን ከ30 ጀምሮ ይታዘዛል። እነ ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ያሉበት አዲሱ ወገን፥ የስኳር በሽታም የልብ ድካምም ለሌለው ሰው በጠንካራ ቃል የሚታዘዘው አልቡሚኑ 200 ሲደርስ ነው። ኮሌስትሮልን የሚቀንሰው የስታቲን መድኃኒት ብቻ፥ ዕድሜው ከ50 በላይ ለሆነ በሽተኛ ሁሉ ሽንት ሳይጠየቅ ይሰጣል። ስለዚህ ከዋና ዋናዎቹ መድኃኒቶች የአብዛኞቹን በር የሚከፍተው ቁልፍ የሽንቱ ምርመራ ነው። ሽንት ያላየ ሠራተኛ መመሪያውን ቢያነብም እንኳ ሊሠራበት አይችልም።

የአዲሱ ወገን ጥቅም የተረጋገጠ ነው። በ2020 በወጣው ጥናት 4,304 በሽተኞች ተሳትፈው፥ የኩላሊታቸው ሥራ ክፉኛ የወረደባቸው፥ ወደ መጨረሻው ደረጃ የደረሱት ወይም በኩላሊትና በልብ ምክንያት የሞቱት መድኃኒቱን ከወሰዱት 9.2 በመቶ፥ ካልወሰዱት 14.5 በመቶ ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅትም ኢምፓግሊፍሎዚንን ለስኳር በሽታ ብሎ በ2021 በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ነገር ግን መመሪያው ይህን መድኃኒት በረጅም ጾም፥ በቀዶ ሕክምናና በጽኑ ሕመም ጊዜ ለጊዜው ማቆም ተገቢ ነው ይላል። ጾም እንግዳ ነገር ለሆነበት አገር ይህ አንድ መስመር ይበቃ ይሆናል። የዐቢይ ጾምንና የፍልሰታን፥ የረመዳንንም ጾም ለሚጾም ሕዝብ ግን ከዓመቱ ሰፊውን ክፍል የሚነካ ጉዳይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙት እናት መድኃኒታቸውን መቼ ይውሰዱ? ቀኑን ሙሉ ውሃ የማይጠጣው የቆላ ሰው ምን ያድርግ? መልሱን የአገራችን ሐኪሞች ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተመካክረው መጻፍ ይኖርባቸዋል።

ስለ ደም ግፊትም መመሪያው የላይኛው ቁጥር ከ120 በታች ይሁን የሚል ምክር ይሰጣል። ምክሩ የተወሰደው በአብዛኛው በ2015 ከወጣው ታላቅ የአሜሪካ ጥናት ሲሆን፥ በዚያ ጥናት የስኳር በሽተኞች አልገቡም፤ ልኬቱም የተወሰደው በሽተኛው ለአምስት ደቂቃ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ፥ በማሽን ሦስት ጊዜ ተለክቶ ነው። መመሪያው ራሱ ይህን ቁጥር በተለመደው የችኮላ ልኬት ላይ እንዳይሠሩበት ያስጠነቅቃል። ሰልፉ በር ላይ በቆመበት፥ በሽተኛው ዳገት ወጥቶ ትንፋሹ ሳይመለስ በሚለካበት ክፍል ውስጥ 120ን ማሳደድ፥ አረጋውያንን በማዞር ጥሎ አጥንት ማሰበር ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝ አገር መመሪያ ግን አልቡሚን ላልበዛበት ሰው ከ140 በ90 በታች፥ ለበዛበት ከ130 በ80 በታች ይላል፤ ለጤና ጣቢያ የሚመቸው ይህ ይመስለናል። እዚህም ላይ ወሰኑን የሚቆርጠው ሽንቱ መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ሠ. የሚከለከል ነገር

መካከለኛ የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ሁልጊዜ አዲስ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ አንዳንድ ጊዜ የሚያድነው መድኃኒት መከልከል ነው። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም የሚሰጡት እነ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን፥ ከኢናላፕሪልና ሽንት ከሚያበዛ ክኒን ጋር አንድ ላይ ሲወሰዱ፥ የደከመውን ኩላሊት በጥቂት ቀን ውስጥ ሊጥሉት ይችላሉ። ሦስቱም በየፋርማሲው በቀላሉ የሚገኙ ናቸው፤ መርፌው ካልተወጋሁ አልድንም የሚለውም በሽተኛ ብዙ ነው። በጤና ጣቢያ የሚያገለግል ሠራተኛ የደም ግፊት ካርድ ባየ ቁጥር «ለቁርጥማትዎ ምን ይወስዳሉ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ያለ ምንም ወጪ ብዙ ኩላሊት ያድናል።

ኢናላፕሪል የተጀመረለት ሰው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ደሙ ይመርመር፤ ክሬያቲኒኑ እስከ 30 በመቶ ቢጨምር መድኃኒቱ አይቋረጥ ይላል መመሪያው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ በትንሹ ጭማሪ ደንግጦ የሚጠቅመውን መድኃኒት ያቆማል። ለእርጉዝ ሴት ግን ይህ የመድኃኒት ወገን ፈጽሞ አይሰጥም። ሜትፎርሚን የማጣራቱ መጠን ከ45 ሲወርድ ይቀነስ፥ ከ30 ሲወርድ ይቅር። እነዚህ አጫጭር ደንቦች በጠረጴዛ ላይ ሊለጠፉ የሚገባቸው ሲሆኑ፥ በትልቁ መጽሐፍ ውስጥ ግን በተለያዩ ምዕራፎች ተበትነው ይገኛሉ።

በምግብ በኩል መመሪያው በቀን ከ5 ግራም ያልበለጠ ጨው፥ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፥ እንዲበላ ይመክራል። የአገራችንን ማዕድ የሚያውቅ ሰው ጨው በወጡ ብቻ እንደማይገባ ያውቃል፤ በርበሬው ሲዘጋጅ ይገባል፥ ሚጥሚጣው ውስጥ አለ፥ በአንዳንድ አገር ቡናውም በጨው ይጠጣል። ስለዚህ «ጨው ቀንስ» የሚለው ምክር ለባልየው ብቻ ቢነገር ከንቱ ነው፤ በርበሬ ለምታዘጋጀው ለቤቱ እመቤት መነገር አለበት። ከእንስሳት ይልቅ የእህልና የአትክልት ምግብ ይብዛ የሚለው ሌላው ምክር ግን ሽሮና ምስር ለለመደ ሕዝብ አዲስ ሸክም አይሆንም።

ረ. ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

በሐሳባችን ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ እንደሚችሉ እንገምታለን። አንደኛ፥ ዲፕስቲክ ጥቂት አልቡሚን ሲሆን አያየውም፤ ከ30 እስከ 300 ባለው ረድፍ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ ሊያመልጡት ይችላሉ። ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ለስኳር በሽተኛ በተቻለ መጠን የላቦራቶሪው ልኬት ይሻላል። ሆኖም የበዛ አልቡሚን ያለባቸውን፥ ማለት ፈጥኖ መታከም የሚገባቸውን፥ ወረቀቱ በአብዛኛው አይስታቸውም።

ሁለተኛ፥ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን የሚያመጣው ኩላሊት ብቻ አይደለም፤ ትኩሳት፥ የሽንት ቧንቧ ቁስለት፥ የወር አበባ ደም፥ በታችኛው አዋሽ ሸለቆም እንዳለው ዓይነት የሽንት ቢልሃርዚያ ውጤቱን ያሳስታሉ። መልሱ ለደሙ ቁጥር ከተሰጠው መልስ ጋር አንድ ነው፤ ምክንያቱ ታክሞ፥ በጠዋት ሽንት ይደገም።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ፥ አልቡሚን ሳይኖር የሚደክም ኩላሊት አለ የሚለው ነው። በእርግጥ አለ፤ የደም ምርመራ ካልተደረገም አይታወቅም። የመድኃኒትም መጠን ለመወሰን ክሬያቲኒን የግድ ነው። እኛም ሽንቱ ደሙን ይተካ አላልንም፤ ይቅደም ነው ያልነው። በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል በታቀደበት አገር፥ ዛሬ ሊደረግ የሚችለው ዛሬ ይደረግ፤ ደሙም ላቦራቶሪው በተገኘ ጊዜ ይከተል።

ሰ. መደምደሚያ

መመሪያውን በጠቅላላው ስንመዝነው፥ የ2024ቱ መጽሐፍ ከቀደሙት የተሻለ ነው። የአደጋ ስሌትን አስገብቷል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ኩላሊቱ ጨርሶ የመድከሙ ዕድል ከ3 እስከ 5 በመቶ የደረሰ ሰው ወደ ስፔሻሊስት ይላክ ማለቱ፥ ያለ አግባብ የሚላከውንና ሳይላክ የሚቀረውን ለመለየት ይረዳል። ለዚህም ስሌት ከሚያስፈልጉት አራት ነገሮች፥ ከዕድሜ፥ ከጾታ፥ ከማጣራት መጠንና ከአልቡሚን፥ አንዱ ሽንቱ ነው። ላቦራቶሪ በራቀበትም ስፍራ በበሽተኛው አጠገብ የሚደረግ ምርመራን ፈቅዷል። ይህን ፈቃድ ግን በዝቅተኛ የማስረጃ ደረጃ፥ በአጭር ቃል አልፎታል። ለእኛ ግን ከዚህ የሚበልጥ ምዕራፍ የለም።

በግንቦት 2025 የዓለም የጤና ጉባኤ የኩላሊትን ጤና የሚመለከት ውሳኔ አሳልፏል። ውሳኔው በጉባኤ መዝገብ እንዳይቀር ከተፈለገ፥ ትልቁ መመሪያ በጤና ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ወደሚለጠፍ አንድ ገጽ መለወጥ አለበት። በገጹም ላይ የሚከተለው ቅደም ተከተል ቢጻፍ መልካም ነው እንላለን፤ ለስኳርና ለደም ግፊት በሽተኛ ሁሉ በየዓመቱ ሽንት ይታይ፤ ፕሮቲን የተገኘበት ይደገምለት፥ ደሙም ይመርመር፤ ግፊቱ በጸጥታ ይለካ፤ ለቁርጥማት የሚወስደው ይጠየቅ፤ ኢናላፕሪልና ስታቲን የሚገባው አይከልከል፤ ሽንቱ በብዙ የተበላሸና ቁጥሩ ፈጥኖ የሚወርድ ይላክ።

ይህ ቅደም ተከተል ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው ክርክር ሳይሆን ጥናት ነው። ለተማሪ ጓደኞቻችንም የምናቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ለክረምት ልምምድ በምንሄድባቸው ጤና ጣቢያዎች ውስጥ የደም ግፊትና የስኳር በሽተኞችን መዝገብ ገልጠን፥ ባለፈው ዓመት ስንቶቹ ሽንታቸው እንደታየ፥ ስንቶቹ ክሬያቲኒናቸው እንደተለካ፥ ስንቶቹ ኢናላፕሪልና ዲክሎፌናክ በአንድ ላይ እንደታዘዘላቸው እንቁጠር። ሥራው እርሳስና ወረቀት እንጂ ሌላ መሣሪያ አይፈልግም። መምህራኖቻችን ቆጠራውን ቢመሩልን፥ ውጤቱ በዚሁ መጽሔት ታትሞ የዛሬውን ነቀፌታችንን ሊያጸናው ወይም ሊያርመው ይችላል።